የፑኝዶ ተማሪዎች ኑሮ፤ ከ1980 እስከ 1983 ዓ. ም.

በአገራችን ስለ ተማሪ ኑሮ የተጻፈው ሲመረመር ጎልቶ የሚታየው የታወቁት ከተሞች ታሪክ ነው። ጎንደር ሲነሣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ተማሪና የሣር ጎጆው፥ ከዚያም በ1947 ዓ. ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ይነሣል። አዲስ አበባ ስትነሣ በ1943 ዓ. ም. ሥራውን የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከነአዳሪ ቤቱና ከነተማሪዎቹ ማኅበር ይነገራል። ይህ ሁሉ መነገሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተማሪ ኑሮ ማለት ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው፥ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው፥ አብረው እያደሩ፥ አብረው እየበሉና አብረው እየተማሩ የሚኖሩት ኑሮ ከሆነ፥ በኢትዮጵያ ምድር ከታዩት የዚህ ዓይነት ማኅበሮች ውስጥ በቁጥር ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው በከተማ አልነበረም። በጋምቤላ ቆላ፥ በጊሎ ወንዝ አጠገብ፥ በፑኝዶ ነበር።

የፑኝዶ ተማሪዎች በጦርነት ምክንያት ከደቡብ ሱዳን በእግራቸው የመጡ፥ ወላጅ አብሯቸው ያልነበረ ልጆች ናቸው። ከ1980 ዓ. ም. መጀመሪያ እስከ ግንቦት 1983 ዓ. ም. ድረስ በዚያ ኖሩ። በእነዚህ ከሦስት ዓመት ጥቂት በሚበልጡ ጊዜያት ውስጥ ቤታቸውን ራሳቸው ሠሩ፤ ምግባቸውን ራሳቸው አበሰሉ፤ የመማሪያ ቤታቸውንም ሣርና እንጨት ከጫካ አምጥተው አቆሙ። ተማሪ ቤታቸው ግንብ አልነበረውም፤ ዲፕሎማም አልሰጠም። ስለዚህም ይመስለናል፥ በትምህርት ታሪካችን መጻሕፍት ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይገኘው።

በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን አገሩንና ዘመኑን፥ ቀጥለን የተማሪዎቹን አመጣጥ፥ ከዚያም የዕለት ኑሯቸውንና ትምህርታቸውን እናስረዳለን። ከጎንደር ተማሪ ኑሮ ጋርም እናስተያየዋለን። ልናሳየው የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ እነዚህን ልጆች በሕይወት ያቆያቸው በቡድን የተደራጀው የተማሪነት ሥርዓት ነበር። ያው ሥርዓት ግን ለጦርነትም አመቺ አደረጋቸው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

1. አገሩ

ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ፥ በአቦቦ በኩል በሚያልፈው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ዛሬ የጎግ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ የአኙዋክ ሕዝብ አገር ነው። ሕዝቡ በወንዝ ዳር እየሰፈረ በቆሎና ማሽላ ያመርታል፤ ዓሣም ያጠምዳል። የጊሎ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በዚህ ሜዳ ያልፍና በፒቦርና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በበጋ የሚሻገሩት ወንዝ በክረምት ሞልቶ ዳሩን ይለቅቃል። ይህን የወንዝ ጠባይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ጋምቤላ ከሱዳን ጋር የተገናኘችው በስደተኞች ዘመን አይደለም። በ1894 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዞች ተሰጠ። ከዚያም በኋላ ወንዙ በሚሞላበት ወራት የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን እየመጣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭን ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከነጋዴውም በፊት ቢሆን አኙዋክና ኑዌር በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ዘመዳሞች ናቸው። ድንበሩ በካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊት የሰው፥ የከብትና የዓሣ መንገድ ነበረ። ስለዚህ በ1980 ዓ. ም. ልጆቹ የመጡበት መንገድ አዲስ መንገድ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው የመንገደኛው ዕድሜ ነው።

2. ተማሪዎቹ ከየት መጡ

በደቡብ ሱዳን የነበረው የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በ1964 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ሰላሙ 11 ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፥ በግንቦት 1975 ዓ. ም. በቦር የነበረው የጦር ክፍል በመንግሥቱ ላይ ተነሣና ሁለተኛው ጦርነት ጀመረ። የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር በኮሎኔል ጆን ጋራንግ መሪነት በዚያው ዓመት ተቋቋመ። የኢትዮጵያ የጊዜው መንግሥትም ጦሩን በምድሩ ተቀብሎ ይረዳው ነበር። በጋምቤላ በኩል ኢታንግ፥ ፑኝዶና ዲማ የስደተኞች መጠለያ ሆኑ። ከሦስቱ ትልቁ ኢታንግ ነበር። ወላጅ የሌላቸው ልጆች በብዛት የተሰበሰቡት ግን በፑኝዶ ነው።

ከልጆቹ አብዛኞቹ ዲንካዎች ሲሆኑ፥ ከኑዌርና ከሌሎችም ነገዶች የመጡ ነበሩባቸው። የመጡበትም አገር ባሕር ኤል ጋዛልና የላይኛው ናይል ነው። ወንዶች ልጆች ብቻቸውን በብዛት የተገኙበትን ምክንያት ለማወቅ የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዲንካ ዘንድ ወንድ ልጅ ገና በትንሽነቱ ከብት ጠባቂ ነው። በበጋ ከብቱን ይዞ ከመንደር ርቆ በከብት ሰፈር ያድራል። የታጠቁ ሚሊሻዎች በፈረስ መጥተው መንደሩን ሲያቃጥሉ፥ በሜዳ የነበረው ልጅ ጢሱን አይቶ ወደ ጫካ ሸሸ። በመንደር የነበሩት እኅቶቹና እናቱ ግን ወይ ተገደሉ፥ ወይ ተማረኩ፥ ወይም በሌላ አቅጣጫ ተበተኑ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኛም ጉዳይ ይህኛው ይበልጥ ያስፈልገናል። በጦርነቱ ምክንያት በደቡብ ሱዳን ገጠር ተማሪ ቤቶቹ ተዘግተው ነበር። በኢትዮጵያ ትምህርት አለ የሚለው ወሬ በየመንደሩ ይነገር ስለ ነበር፥ አንዳንድ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ተምረው እንዲመለሱ ብለው አብረው ላኩ። የነጻ አውጪው ጦር ሰዎችም ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ይገፋፉ ነበር። እንግዲህ ከእነዚህ ልጆች ከፊሉ የሸሸ፥ ከፊሉ ለትምህርት የተላከ፥ ከፊሉም ሁለቱን የደባለቀ ነበር። በረኻውንና ረግረጉን አቋርጠው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። በመንገድ ላይ በረኃብ፥ በውሃ ጥም፥ በበሽታና በአውሬ ብዙዎቹ ቀሩ። ፑኝዶ የደረሱት ከቆዳና ከአጥንት በቀር የቀራቸው አልነበረም።

ቁጥራቸው በ1980 ዓ. ም. ውስጥ ወደ 10,000 ደረሰ። በ1983 ዓ. ም. በኢትዮጵያ መጠለያዎች የነበሩት እንደዚህ ያሉ ልጆች በጠቅላላው 17,000 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 17 ዓመት ያለው ይበዛ ነበር።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል ማለት ይገባናል። በመጠለያው ውስጥ ወላጅ የሌላቸው ሴቶች ልጆችም ነበሩ። ነገር ግን በአገሩ ልማድ ሴት ልጅ ብቻዋን አትኖርምና በየቤተሰቡ እየተጠጉ በሌላ ሰው ቤት ስም ተመዘገቡ። ስለዚህ በቡድን ከተቆጠሩት መካከል አልገቡም። ውሃ ቅዳትና ወፍጮ የነርሱ ድርሻ ስለ ሆነ ከትምህርቱም ያገኙት ትንሽ ነው። ከመዝገብ መጥፋታቸው ኋላ ምን ያህል እንደ ጎዳቸው በስፍራው እንናገራለን።

3. የቡድን ኑሮ

መጀመሪያ በደረሱበት ጊዜ ቤት አልነበረም፤ ልጆቹ ከዛፍ ሥር አደሩ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እርዳታ በብዛት መግባት እስኪጀምር ድረስም የሚበላው እጅግ ጥቂት ነበር። ውሃውም ከወንዝ የሚቀዳ ነበርና ተቅማጥ ገባባቸው፤ ወባም ተጨመረ። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት የሞተውን ጓደኛ መቅበር የልጆች ሥራ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ በቡድን ተከፈሉ። አንድ ትልቅ ቡድን ከ1,000 በላይ ልጆች ሲኖሩበት፥ እርሱም በትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈል ነበር። በየቡድኑ ላይ ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ አዋቂዎች አሳዳጊዎችና መምህራን ሆነው ተሾሙ። አንድ ልጅ ከየት መጣህ ሲባል ከሰፈሩና ከነገዱ አስቀድሞ የቡድኑን ቁጥር መናገር ለመደ። የቡድኑ ልጆች ወደ ጫካ ወጥተው እንጨት ይቆርጣሉ፤ ሣር ያጭዳሉ፤ ጭቃ ያቦካሉ፤ ጎጆም ይሠራሉ። ቤት ሲሠራ ያላየ ልጅ ካየው ልጅ ይማራል። ያለቀው ጎጆ የጥቂት ልጆች ማደሪያ ይሆናል። በአንድ ጎጆ ያደሩት ልጆች ከዚያ በኋላ እንደ ወንድማማች ተቆጠሩ። ብዙዎቹ በሰው አገር እስኪሸመግሉ ድረስ ዝምድናቸውን በዚሁ ይቆጥራሉ።

ምግቡ እህል፥ ጥራጥሬና ዘይት ነበር። የሚበስለው በትልቅ በርሜል ሲሆን፥ ልጆቹ በተራ ውሃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፤ ያማስላሉ፤ ያድላሉ። በዲንካ ልማድ ምግብ ማብሰል የሴት ሥራ ነውና ይህ ለወንዶቹ እንግዳ ነገር ነበር። ከእናታቸው ጓዳ ገብተው የማያውቁ ልጆች በ10 ዓመታቸው ለብዙ አፍ የሚበቃ ምግብ ማብሰል ቻሉ። ተራውን ያጎደለ ይቀጣል፤ የታመመ ሲኖር ተራው በጓደኛው ይሸፈናል።

ከሥራ የተረፈው ጊዜ የጨዋታ ነበር። ከጨርቅ በተጠቀለለ ኳስ ይጫወታሉ፤ በወንዝ ይታጠባሉ፤ ትናንሾቹም እንደ አገራቸው ልማድ ከጭቃ በሬና ላም ይሠራሉ። እሑድ ከዛፍ ሥር ጸሎት ይደረጋል፤ መዝሙሩ በዲንካ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ልጆች የተጠመቁትና የክርስትና ስም ያወጡት በፑኝዶ ነው። ማታ ደግሞ የቡድኑ ልጆች እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ይነጋገራሉ፤ ስለ ቤታቸው ግን የሚነጋገሩ ጥቂቶች ነበሩ።

ከባለ አገሮቹ ከአኙዋኮች ጋር ያላቸው ኑሮ ሁለት መልክ ነበረው። ባለ አገሩ በቆሎና ዓሣ ይሸጥላቸው፥ ከእርዳታው እህልና ዘይትም ይለውጥ ነበር። በሌላ በኩል ግን ብዙ ሺህ ሰው በድንገት በሰፈረበት አገር ጫካው ይመነጠራል፤ ለጎጆ ክዳን የሚሆነው ሣር ያልቃል፤ ወንዙም ይጣበባል። የታጠቁ ሰዎችም በመካከሉ ነበሩና በእንግዳውና በባለ አገሩ መካከል ጠብ መነሣቱ አልቀረም። የፑኝዶ ልጆች ታሪክ ሲጻፍ አገሩን ያስጠጋቸው የአኙዋክ ገበሬ የከፈለው ዋጋ ሊረሳ አይገባውም።

4. ትምህርቱ

ትምህርት የተጀመረው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሰሌዳ ባልነበረበት ጊዜ መምህሩ በመሬት ላይ ይጽፍ ነበር፤ ተማሪዎቹም ከፊታቸው ያለውን አሸዋ ደልድለው በጣታቸው ወይም በስንጥር ይገለብጡ ነበር። የተጻፈውን ነፋስ ወይም የባልንጀራ እግር ሲያጠፋው እንደገና ይጻፋል። እርሳስና ደብተር ሲመጣም ለሁሉ ስለማይዳረስ ይካፈሉት ነበር። ቀጥሎ በልጆቹ ጉልበት የሣር ክዳን ያላቸው የመማሪያ ቤቶች ተሠሩ። መቀመጫውም ከእንጨት ግንድ ወይም ከጭቃ የተሠራ መደብ ነበር። የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት መምህራኑንና አሳዳጊዎቹን በማሠልጠንና ትምህርቱን በማደራጀት ረዳ።

መምህራኑ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። ከመካከላቸው በሱዳን አስተማሪ የነበሩ ጥቂቶች ሲገኙ፥ የሚበዙት ግን ጥቂት ክፍል የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ያወቀ ያላወቀውን ያስተምራል በሚለው ደንብ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩት የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ መመረጡም ያለ ምክንያት አልነበረም። በካርቱም መንግሥት ዘመን ዓረብኛ የሥልጣን ቋንቋ ስለ ሆነ፥ በደቡቦች ዘንድ እንግሊዝኛ የራስ መብት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እንግዲህ በፑኝዶ አሸዋ ላይ የተጻፈው ፊደል ራሱ የጦርነቱን ክርክር ተሸክሞ ነበር።

በዕድሜ የተለያዩ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ ነበር። የ8 ዓመቱና የ16 ዓመቱ ልጅ ፊደል የጀመሩት በአንድ ቀን ስለ ሆነ፥ ታላቁ በታናሹ መቀደሙን እንደ ነውር አይቆጥረውም። ለብዙዎቹ ትምህርት ከእውቀትም በላይ ነገር ሆነላቸው። ቀኑን ይከፍለዋል፤ ጧት የሚነሡበትን ምክንያት ይሰጣል፤ ነገ የሚባል ጊዜ መኖሩን ያስታውሳል። ወላጅ የሌለው ልጅ በደብተሩ ላይ ስሙን ጽፎ ሲያይ፥ ያ ስም የሚጠራበት ቦታ በዓለም ላይ እንዳለ ይረዳዋል።

5. ከጎንደር ተማሪ ኑሮ ጋር ሲተያይ

እስካሁን የተናገርነው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ የሚሆን አይመስለንም። በጎንደርም ሆነ በጎጃም የቆሎ ተማሪ ኑሮ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን ይዞ፥ አንዳንድ ጊዜም ከወላጆቹ ተደብቆ ከአገሩ ይወጣል። ከመምህሩ ደጅ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር የሣር ጎጆውን ይቀልሳል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመነውን ቁራሽ ያመጣና ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል። ከዛፍ ሥር ይማራል፤ ታላቁም ታናሹን ያስቀጽላል። በወረርሽኝ ጊዜ ጓደኛው ያስታምመዋል፤ ቢሞትም ይቀብረዋል።

ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ የሚያንስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ በአገሬው ዘንድ የታወቀ ስፍራ አለው። ውሻ ቢያባርረውም ባለቤቱ ልጄ ብሎ ይሰጠዋል፤ መምህሩ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ተማሪውም ደከመኝ ሲል የሚመለስበት የአባት ቤት አለው። የፑኝዶው ተማሪ ግን የሚመለስበት ቤት ተቃጥሏል። ኑሮው በሌሎች መንግሥታት እርዳታና በአንድ መንግሥት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፈቃዱ ሲያበቃ ተማሪ ቤቱም ያበቃል።

ዘመናዊውን ኮሌጅ ብንወስድም ማስተያየቱ ይጠቅማል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1945 ዓ. ም. በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፥ የዓለም ጤና ድርጅት፥ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር እርዳታ ተባብረው አቋቋሙት። የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ይማሩ ነበር። እንደ ቆላ ድባ ወዳሉት የጤና ጣቢያዎችም በቡድን ሆነው ለልምምድ ይላኩ ነበር። ቡድን ማለት በጎንደር የሥራ ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ሙያውን ያዋጣል፤ ቡድኑም የሚያገለግለው የታወቀ ሕዝብ አለው። በፑኝዶ ደግሞ ቡድን ማለት ቤተሰብ፥ ወጥ ቤት፥ ክፍልና የዕድር ማኅበር በአንድነት ነበር። የጎንደሩ ተማሪ በአደጋ ለተጎዳ ሕዝብ ሊደርስ ይማር ነበር፤ የፑኝዶው ተማሪ ግን አደጋው የደረሰበት ራሱ ነው።

6. ደብተርና ጠመንጃ

የፑኝዶን ተማሪ ኑሮ ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ለእውነት አይስማማም። መጠለያው በመዝገብ የስደተኞች ስፍራ ይሁን እንጂ፥ የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር በውስጡ ከፍ ያለ ሥልጣን ነበረው። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ1987 ዓ. ም. ባወጣው ዘገባ፥ ጦሩ በኢትዮጵያ መጠለያዎች የነበሩትን ልጆች ከቤተሰብ ለይቶ በቡድን ማስቀመጡን፥ ከመካከላቸውም ብዙዎችን ለውትድርና ማሠልጠኑን ገልጿል። ለጦርነት የታሰቡት ልጆች ቀይ ጦር ይባሉ ነበር። ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ወደ ማሠልጠኛ ተወስደው የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ።

እዚህ ላይ ከመግቢያችን የጠቀስነው ነገር ግልጽ ይሆናል። ልጆቹን በቁጥር መመዝገብ ምግብ ለማደል ይጠቅማል፤ ለምልመላም ይጠቅማል። ጧት በሰልፍ መቆም ለትምህርት ቤት የተለመደ ነው፤ ለሰፈር ወታደርም የተለመደ ነው። አሳዳጊውን መታዘዝ ሥርዓት የሌለውን ልጅ ከጥፋት ያድነዋል፤ አሳዳጊው የጦር ሰው ሲሆን ግን ትእዛዙ ወዴት እንደሚወስደው ልጁ አያውቅም። ከቤተሰብ ተለይቶ በወንድነት ብቻ የተሰበሰበ ማኅበር ለመምህርም ለአዛዥም ይመቻል።

ስለዚህ ፑኝዶ ተማሪ ቤት ነበር ወይስ የጦር ሰፈር የሚለው ጥያቄ ባንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ትምህርቱ ለማስመሰል ብቻ የተደረገ ነበር የሚሉ አሉ። ይህን አሳብ አንቀበለውም። በዚያ ፊደል የቆጠሩት ልጆች በሄዱበት ሁሉ ትምህርታቸውን መቀጠላቸው ማስመሰል እንዳልነበረ ይመሰክራል። የለም፥ ንጹሕ ተማሪ ቤት ነበር የሚለውንም አንቀበለውም። ከአንድ ጎጆ የወጡ ሁለት ልጆች አንዱ መምህር፥ አንዱ በ14 ዓመቱ ወታደር ሆነው የተገኙበት ስፍራ ነውና።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሕፃናትን መብት ስምምነት ያጸደቀው በኅዳር 1982 ዓ. ም. ነው። ስምምነቱ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወደ ጦር እንዳይመለመል ይከለክላል። ያ ቃል በኒው ዮርክ ሲጸድቅ የፑኝዶ ልጆች በክፍላቸው ተቀምጠው ነበር። ኢትዮጵያ በስምምነቱ የገባችው በግንቦት 1983 ዓ. ም. ነው። በዚያው ወር የፑኝዶ ተማሪ ቤት ፈረሰ።

7. ጊሎን መሻገር

በግንቦት 1983 ዓ. ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የነጻ አውጪው ጦር የተጠለለበት መንግሥት ስለ ወደቀ፥ በጋምቤላ የነበሩት መጠለያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈቱ። በ100,000 የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ሱዳን ተመለሰ።

የፑኝዶ ልጆችም የቻሉትን ያህል እህል ተሸክመው ወጡ። ወንዙን ለመሻገር በደረሱ ጊዜ ዝናቡ ገብቶ ጊሎ ሞልቶ ነበር። ተኩስ ከኋላ ሲመጣ ዋና የሚያውቀውም የማያውቀውም ወደ ውሃው ገባ። ጎርፉ የወሰዳቸው፥ አዞ የበላቸው፥ በጥይትም የወደቁ ብዙ ናቸው። ከዚያ የተረፉት እንደሚናገሩት፥ በዚያ ቀን የጎጆ ጓደኛውን ያላጣ ልጅ ጥቂት ነው።

የቀሩት ከድንበሩ ማዶ በፖቻላ ተሰበሰቡ፤ በዚያም ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እህል በአውሮፕላን እያመጣ ረዳቸው። በ1984 ዓ. ም. ጦርነቱ ወደ ፖቻላ ሲቀርብ እንደገና ተነሥተው ወደ ደቡብ ተጓዙ። ከ10,000 የሚበልጡት ኬንያ ገብተው በካኩማ ሰፈሩ። ከዚያ እንደ ደረሱም እንደ ፑኝዶው ጊዜ በቡድን ሆነው ጎጆ ሠሩ፤ ከዛፍ ሥርም መማር ጀመሩ። ሥርዓቱን ከፑኝዶ በልባቸው ይዘውት ነበርና።

8. ከፑኝዶ በኋላ

በ1993 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት ከካኩማ ልጆች ከ3,500 በላይ የሚሆኑትን ተቀበለ። ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ 89 ብቻ ናቸው። ይህም ከላይ የጠቀስነው የመዝገብ ጉድለት ውጤት ነው። ሴቶቹ በፑኝዶና በካኩማ በሌላ ሰው ቤት ስም ስለ ተቆጠሩ፥ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ሲፈለጉ በዝርዝሩ ውስጥ አልተገኙም። በታሪክ ውስጥ መዝገብ ማለት ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ከፑኝዶ ተማሪዎች በዓለም ዘንድ የታወቀው ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ዴቭ ኤገርስ የርሱን ሕይወት መሠረት አድርጎ የጻፈው ልብ ወለድ በ1999 ዓ. ም. ታተመ። ከመጽሐፉ በተገኘው ገንዘብም ቫለንቲኖ በትውልድ መንደሩ በማሪያል ባይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ። ትምህርት ቤቱ በ2001 ዓ. ም. ተከፈተ። በአሸዋ ላይ በጣቱ መጻፍ የተማረ ልጅ ተማሪ ቤት መሥራቱ፥ ትምህርቱ ማስመሰል አልነበረም ላልነው ነገር አንድ ማስረጃ ነው።

ፑኝዶም ባዶዋን አልቀረችም። መጠለያው በ1985 ዓ. ም. እንደገና ተከፈተ። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ. ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ፥ በታኅሣሥ 2006 ዓ. ም. የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ሌላ ትውልድ ወደ ጋምቤላ አሻገረ፤ በፑኝዶም ሁለተኛ መጠለያ ተጨመረ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ እኩል እንዲታይ ደንግጓል። በልዩ ልዩ እርዳታ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገቡ ስደተኞችም አሉ። አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1950 ዓ. ም. በአክራ ጉባኤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪቃ ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል መስጠታቸውን ካስታወቁ ወዲህ፥ ከሌላ አፍሪቃ አገር የመጣ ተማሪ በአዳሪ ቤታችን ኖሮ ያውቃል። የያኔዎቹ ተጋብዘው የመጡ ናቸው፤ የፑኝዶዎቹ ሳይጠሩ መጥተው ራሳቸው ተማሪ ቤት ሠሩ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ሁለት ነገር እናወጣለን። የመጀመሪያው፥ የፑኝዶ የሦስት ዓመት ታሪክ የሱዳን ታሪክ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ምድር፥ በኢትዮጵያ ሣርና እንጨት የተሠራ ተማሪ ቤት ነውና በአገራችን የተማሪ ኑሮ ታሪክ ውስጥ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ምዕራፍ ይገባዋል። ሁለተኛው፥ ሥርዓት ብቻውን ተማሪን አይጠብቅም። አብሮ ማደር፥ አብሮ መብላትና አለቃን መታዘዝ ልጅን ከሞት ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን የሥርዓቱ ጠባቂ ማን ነው የሚለውን የሚጠይቅ ሌላ ሰው ከሌለ፥ ያው ሥርዓት ወደ ሌላ ሞት ሊወስደው ይችላል። ወላጅ፥ ሕግና የአገር ሰው ለተማሪ ቤት የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው።

የፑኝዶ ልጆች ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ናቸው። ከነርሱ ጋር በአንድ አገር የኖሩት የአኙዋክ ሽማግሌዎች፥ እህሉን ያደሉትና ክፍሉን ያሠሩት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም እየቀነሱ ይሄዳሉ። በጋምቤላ ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከየነገዱ የተገኙ ተማሪዎችም አሉበት። የአኙዋክኛን፥ የኑዌርኛንና የዲንካን ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ከእነዚህ ሰዎች ቃል ቢሰበስብ፥ እኛ ከሩቅ ሆነን ካቀረብነው የበለጠ ሥራ ይሆናል። በተለይም በመዝገብ ያልተጻፉትን የሴቶቹን ልጆች ታሪክ ቢጀምር፥ የፑኝዶ ተማሪ ቤት ያኔ ያልቆጠራቸውን ተማሪዎቹን ዛሬ ይቆጥራል።